እጅን ወደ ኋላ አድርጎ ማስተማር

(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ነው የሰጡኝ። ርእሴን ስነግራቸው አንዱ ወዳጄ ፈራ ተባ እያለ "ዶክተር፣ ስለ ሕፃናት ሕክምና ቢሆን አይሻልም ወይ?" አለኝ። ልክ ነው፣ ሙያዬ እሱ ነው። ዛሬ የማወራው ግን ላለፉት ጥቂት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ስለምሠራው ሥራ ነው። ኮምፒዩተር ነክተው ለማያውቁ፣ ወይም ለፌስቡክ ብቻ ለነኩ ሰዎች የፕሮግራሚንግ ሀሁ አስተምራለሁ።

ያደግሁት ቁስቋም ነው፤ ዛሬም የማስተምረው እዚያው እናቴ ግቢ ውስጥ ነው። የሰፈሬን ታሪክ ለማታውቁ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ጎንደር ሲደርስ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግንብ ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ የተመረቀ ሐኪም አልነበረም፤ ሕክምና ያውቃል ተብሎ ግን የቤተ መንግሥቱን ልጆች እንዲያክም ተጠራ። በርና መስኮቱን አስከፈተ፣ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። እንግዲህ ቁስቋም ላይ ሳይመረቁ ሥራ መጀመር የቆየ ልማድ ነው ማለት ነው። እኔም ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምሬ አላውቅም። ከናንተ መካከል የዘርፉ መምህራን አላችሁ፤ ስሳሳት አርሙኝ፣ ግን ከምሳ በኋላ ይሁንልኝ።

እኛ በ1991 ዓ.ም. ስንገባ ጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር የሚባለው፤ ስንወጣ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በኛ ዘመን ኮምፒዩተር ማለት ፒያሳ ጽሑፍ ቤት ያለ፣ ጽሑፋችንን በገጽ እየከፈልን የምናስተይብበት ዕቃ ነበር። ፍሎፒ ዲስኩ ተበላሽቶበት ያለቀሰ የክፍላችን ልጅ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ እዚህ ስለተቀመጠ። ፕሮግራም የሚባል ነገር ጽፌ ያየሁት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ሌሊት ሌሊት ነው። ከዚያ የመጣውን ጥፋት ነው በቅድሚያ የምነግራችሁ። ማስተማር የጀመርኩት ከሱ የተነሣ ነውና።

በዚያን ጊዜ እሠራበት በነበረው ሆስፒታል ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የክንድ ዙሪያ ልኬት ይመዘገብ ነበር። ለጤና ሰዎች አዲስ አይደለም፤ ለሌሎቻችሁ ልንገር። ከስድስት ወር እስከ 59 ወር ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ115 ሚሊ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት። ከ115 ጀምሮ ከ125 በታች ከሆነ መካከለኛ ነው። ከባዱ በዚያው ቀን ሕክምና ይጀምራል፣ መካከለኛው ቀጠሮ ይሰጠዋል። መዝገቡ ስለበዛብን እኔ ብልጧ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ቁጥሩን ስታስገባ "ከባድ"፣ "መካከለኛ" ወይም "ደህና" ብሎ ይነግርሻል። ሁሉም አደነቀኝ። እኔም ራሴን አደነቅሁ።

የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ ቁጥሩ ከ125 ካነሰ "መካከለኛ" በል፤ አለበለዚያ ከ115 ካነሰ "ከባድ" በል፤ አለበለዚያ "ደህና" በል።

የገባችሁ ሰዎች ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ለሌሎቻችሁ፦ ክንዱ 110 የሆነ ሕፃን መጣ እንበል። 110 ከ125 ያንሳል? አዎ ያንሳል። ስለዚህ "መካከለኛ" ብሎ እዚያው ያቆማል። ሁለተኛው ጥያቄ ዘንድ ፈጽሞ አይደርስም። የኔ ፕሮግራም በሕይወቱ "ከባድ" የሚል ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር። እኔ ደግሞ የሞከርኩት በ120 እና በ140 ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ልክ መለሰልኝ።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት ነርስ ወረቀቱን ይዛ መጣች። "ዶክተር፣ ይሄ ልጅ እኮ አጥንቱ ይቆጠራል። እንዴት ነው መካከለኛ የሚሆነው?" አለችኝ። እሷ ያየችው ልጁን ነው፣ እኔ ቁጥሩን። ዞረን መዝገቡን ስናገላብጥ ሦስት ሕፃናት ሕክምና መጀመር ሲገባቸው ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሄደዋል። ሁለቱን በስልክ አገኘናቸው። የሦስተኛው እናት ስልክ አልነበራትም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በእግሯ ሄዳ በሦስተኛው ቀን ይዛቸው መጣች። ሕፃኑ ተረፈ። እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ለባለቤቴ እንኳ በደንብ አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ "ኮምፒዩተር አልነካም" ማለት እችል ነበር። ግን ዞር ብዬ ሳስብ ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ነርሷ ባትጠይቅስ? ቡድናችን ውስጥ ያቺን ሦስት መስመር ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም። ዛሬ የጤና መረጃችን በዲኤችአይኤስ 2 ነው የሚሄደው፣ የታካሚ ካርዱም ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። በውስጡ ያለውን "ከሆነ" እና "አለበለዚያ" የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፤ የሚጠቀምበት ደግሞ ማንበብ አይችልም። ሁሉም ነርስ ፕሮግራመር ይሁን አላልኩም። ሦስት መስመር አንብባ "ቆይ፣ ይሄ ቅደም ተከተል ልክ ነው?" የምትል ነርስ ግን በየዋርዱ ብትኖር እወዳለሁ።

ስለዚህ በእናቴ ግቢ፣ ድሮ እህል ይቀመጥባት በነበረች ክፍል፣ በአራት ያረጁ ላፕቶፖች ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አሥራ አንድ ነበሩ። ነርሶች፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ሁለት የሰፈር ልጆችም ነበሩ፤ እነሱ የመጡት ለዋይፋይ መስሏቸው ነው፣ ዋይፋይ ግን አልነበረንም።

የመጀመሪያውን ቀን ኮምፒዩተር አንከፍትም። "እኔ ኮምፒዩተር ነኝ፤ እንጀራ አስጋግሩኝ" እላቸዋለሁ። አንዷ "ሊጡን ምጣዱ ላይ አፍስሺ" ትላለች፤ እኔ ባልዲውን ሙሉ የምገለብጥ መስዬ እነሣለሁ። ትጮኻለች። "ምጣዱ ግሏል? ማን ነገረኝ? ታስሷል? ማሰስ ምንድን ነው?" እያልኩ አስቸግራቸዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይስቃሉ፣ ይናደዳሉም። "ዓይን እስኪያወጣ ጠብቂ፣ ከዚያ ክደኚ" ሲሉኝ ግን አጨበጭባለሁ። ያቺ "እስኪያወጣ" የምትለዋ ቃል፣ እያዩ መጠበቅ፣ እየደጋገሙ መፈተሽ፣ ሲሟላ ማቆም፣ በፕሮግራሚንግ ኮርስ ውስጥ ሁለት ሳምንት የምትወስድ ሐሳብ ናት። እነሱ ግን ከእናቶቻቸው ወጥ ቤት ይዘዋት መጥተዋል። እናቴ በር ላይ ቆማ ስትሰማን ቆይታ "ልጄ፣ ይሄን ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ የሚኬደው?" ብላኛለች።

የጀማሪው ችግር የት እንደሆነ ለማወቅ ያነበብኩትንም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ማክራከንና ባልደረቦቹ በአራት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ ለጨረሱ 216 ተማሪዎች ፈተና ሰጡ። ከ110 ነጥብ አማካይ ውጤታቸው 22.89 ሆነ። በ2007 ሁለት የዴንማርክ መምህራን ከተለያዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች አሰባስበው ሲያዩ መግቢያውን ኮርስ ከወሰደው ሦስት ተማሪ አንዱ ገደማ አያልፍም። ይሄ እንግዲህ መብራት በማይጠፋበት አገር ነው። "የኛ ልጆች ሒሳብ ስለማይችሉ ነው" የምትሉ መምህራን ይሄን ያዙልኝ።

ሮይ ፒ የሚባል ተመራማሪ በ1986 የጻፈው ደግሞ ለኔ ትልቁ መልስ ሆነ። ጀማሪዎች ከሚሳሳቱት ስሕተት ብዙው ከአንድ ምንጭ ይቀዳል ይላል። ማሽኑ ውስጥ የተደበቀ፣ ሐሳባቸውን የሚረዳ አእምሮ ያለ ይመስላቸዋል። እኛ ደግሞ ጎንደሬዎች ነን፤ ከሰሙ በታች ወርቅ መፈለግ ለምዶብናል። "ምን ለማለት እንደፈለግሁ ገብቶታል" እንላለን። ኮምፒዩተር ሰም ብቻ ነው፣ ወርቅ የለውም። የሞላ ክፍል ተማሪ ፊት ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ከተናገርኩ በኋላ ያየሁትን ዓይነት ፊት በሌላ ማብራሪያ አላየሁም።

ተለዋዋጭ የሚባለውን ነገር ለማስረዳት ብዙ ተቸግሬያለሁ። መጻሕፍቱ "ሣጥን ነው" ይላሉ። ተማሪዎቼ ግን ሣጥን ካልኳቸው ሁለት ዕቃ ይከቱበታል። ክብደት 12 ነው አልን፣ ቀጥለን ክብደት 14 ነው አልን፤ "አሁን ክብደት ስንት ነው?" ስላቸው ግማሾቹ "12 እና 14" ይላሉ፣ አንዱ "26" ብሎኛል። ከዚያ ዋርድ ውስጥ ያለውን ነጭ ሰሌዳ አሰብኩ። አልጋ ቁጥር 6 ላይ የታካሚው ስም ይጻፋል፤ እሱ ሲወጣ ይጠፋና የሌላው ይጻፋል። አልጋ 6 አልጋ 6 ነው፣ የተኛው ሰው ግን ይለያያል። ነርሶቹ ወዲያው ገባቸው። ዋርድ አይተው ለማያውቁት ልጆች ደግሞ ነርሶቹ አስረዷቸው። እኔ ያንን ቀን ሻይ ስጠጣ ዋልኩ ብል ማጋነን አይደለም።

ሒሳብ ጎበዝ የሆነው ተማሪ ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል። "ሀ = ሀ + 1" የሚለውን ሲያይ "ይሄ ውሸት ነው" ይላል። በሒሳብ ውሸት ነው። እዚህ ግን ምልክቱ "እኩል ነው" ሳይሆን "በቀኝ ያለውን አስልተህ በግራ ባለው ስም ሰሌዳ ላይ ጻፍ" ማለት ነው። ይሄን ልጅ "አልገባህም" ብሎ ማለፍ ኃጢአት ነው፤ ገብቶታል፣ ምልክቱ ነው ሌላ ትርጉም የያዘው።

ቀይ መልእክቱ ደግሞ አለ። ኤረር ሲመጣ ተማሪዎቼ "ዶክተር፣ ተቆጣኝ" ነው የሚሉት። ዓይናቸውን ከስክሪኑ ያነሣሉ። እኔ በሽተኛ "አሞኛል" ሲል እንደምንሰማው አድርገን እንድናነብ አስተምራለሁ። ፓይተን ላይ የመጨረሻውን መስመር አስቀድመሽ አንብቢ፣ በሽታው እዚያ ነው የሚጻፈው፤ የት እንደሚያመው ከሱ ከፍ ብሎ አለ። አንድ ጊዜ ደግሞ የጠፋብንን ስሕተት ሁለት ሰዓት ፈለግን። ልጁ በነጠላ ሠረዝ ፈንታ የኛን "፣" ነበር የጻፈው። ማሽኑ እኮ ሲነግረን ነበር፤ "ዩ+1363" የሚል ቁጥር ጽፎ የማያውቀው ፊደል እንደገባበት በትሕትና አስታውቆናል። ያነበበው ሰው አልነበረም።

የክንድ ዙሪያውን ፕሮግራም ለሁሉም ክፍል አሠራዋለሁ። የኔን ስሕተት አስቀድሜ አልነግራቸውም። አንድ ዓመት አንዱ ልጅ ቅደም ተከተሉን ልክ አድርጎ ጻፈ፣ ቁጥሩን ግን በሴንቲ ሜትር አስገባ፤ 14.5፣ 13.8፣ 15.1። ሁሉም ከ115 ያንሳላ! ማሽኑ ለሁሉም "ከባድ" አለ። ልጁ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አይቶ "ዶክተር፣ የቁስቋም ልጅ በሙሉ ተርቧል እንዴ?" አለኝ። እኔ የፈለግሁት ያንን ጥያቄ ነው። ከዚያ የኔን ታሪክ፣ ስለ ሦስቱ ሕፃናት፣ ነገርኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አሁን አንድ ሕግ አለን። ማንኛውም ፕሮግራም ለሰው ከመሰጠቱ በፊት በድንበሩ ላይ ባሉ ቁጥሮች ይሞከራል፤ 114፣ 115፣ 124፣ 125፣ ከዚያም አንድ የማይረባ ቁጥር።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዝምተኛ፣ ቀርፋፋ የምትመስል፣ ግን የምትጽፈውን የምታስብ። ሌሎቹ ሲቀድሟት እኔ አዝንላት ነበርና አጠገቧ ሄጄ "እስኪ ስጪኝ" እላለሁ። ኪቦርዱን ወስጄ ቸብ ቸብ አድርጌ አስተካክልላታለሁ። "አየሽ? ቀላል እኮ ነው።" ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አደረግሁ። በአራተኛው አልመጣችም። በአምስተኛውም። እኔ "ከበዳት" ብዬ ረሳኋት።

ከወራት በኋላ ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት። ለምን እንደቀረች ስጠይቃት አቀርቅራ "ይገባኝ ነበር፤ ግን እጄ ምንም አልሠራም" አለችኝ። ደግማ እንድትመጣ ለመንኳት፤ "እሺ" አለች፣ አልመጣችም። ጎንደሬ "እሺ" ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እናንተ ቀዶ ሐኪሞች ይሄን በሽታ ታውቁታላችሁ። ተማሪው ቁስል ሊሰፋ እጁ ሲንቀጠቀጥ መርፌውን ቀምቶ ራሱ የሚሰፋ ሲኒየር ነበረን። እንዴት ያምር ነበር ስፌቱ! እኛ ግን ከሱ ዘንድ ሳንማር ወጣን፤ መስፋት የለመድነው ሌሊት፣ እሱ በሌለበት፣ ከነርሶች ጋር ነው። እኔ ያንን ሰው እያማሁ አድጌ ራሴ እሱን ሆኜ ተገኘሁ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የተማሪ ወንበር አጠገብ ስቆም እጆቼን ወደ ኋላ አጣምራለሁ። አዲስ የሚመጡ አስተማሪዎቻችንም እንደዚያው ናቸው። ተማሪዎቹ "እስረኞቹ መጡ" ይሉናል።

እጅ ከታሰረ አፍ መሥራት አለበት። "ይሄ መስመር ሲያልቅ ሰሌዳው ላይ ምን ተጽፏል?" ብሎ መጠየቅ ብቻ። ይሄን ደግሞ ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። በልጅነቴ ፊደል የቆጠርኩት በስንደዶ እየጠቆምኩ ነው። ስንደዶው ከፊደሉ ቀድሞ ከሄደ "ተመለሺ" ይባላል፤ በቃል ሸምድዶ ማንበብ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ኮድም እንደዚያው ነው። የታተመ ወረቀት እሰጣቸዋለሁ፣ ስንደዶ እሰጣቸዋለሁ፣ መስመር በመስመር እየጠቆሙ እያንዳንዱ ስም ምን እንደያዘ ጎን ላይ ይጽፋሉ። ከመጻፍ በፊት ማንበብ። ዳዊት ሳይደግም ቅኔ የሚዘርፍ ተማሪ አይተን እናውቃለን? እኛ ግን ጀማሪውን በሁለተኛው ሳምንት "ከባዶ ገጽ ፕሮግራም ጻፍ" እንለዋለን።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እስከ 2016 ክረምት፣ የስንደዶው ትምህርት ነው ያዳነን። ከቤት መውጣት ያልተቻለባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ነበሩ፤ ስለዚያ ዘመን እዚህ አላወራም፣ ሁላችንም አለን የምንለው። በተገናኘንባቸው ቀናት ግን ወረቀት ነበረን። መስመሮቹን በመቀስ ቆራርጠን እናደባልቃለን፣ ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቅደም ተከተሉን ያገጣጥማሉ። ጥንዱን ስመድብ ሁልጊዜ የማስበው የዚህን ትምህርት ቤት ጥንተ ነገር ነው። በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን አብሮ አሠልጥኖ አብሮ ገጠር ያወጣ ነበር። ቲቲፒ የወጣችሁ እጃችሁን አንሡ እስኪ። ይኸው! አንዱ ሌላውን ሳይንቅ መሥራትን እዚያ ነው የተማርነው። የኛም ነርስና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ አንድ ላፕቶፕ ላይ ሲቀመጡ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው በስንደዶ ይከተላል፤ በየሩብ ሰዓቱ ይለዋወጣሉ። ላፕቶፕ አራት ብቻ መሆኑ ጠቀመን ማለት ነው።

በጣም የምወደውን ትምህርት ግን ሳልነግራችሁ አልወርድም። በኮምፒዩተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ "ሀ" 4608 ናት። "ለ" 4616። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ "የፊደል ገበታን አሳትሙልኝ፣ አንድም ፊደል ግን በእጃችሁ እንዳትጽፉ" እላቸዋለሁ። አንድ ዙር ለቤቶቹ፣ በውስጡ ሌላ ዙር ለሰባቱ። 4608፣ ሲደመር ስምንት ጊዜ የቤቱ ቁጥር፣ ሲደመር የዓምዱ ቁጥር። መጽሐፎቹ ላይ ጀማሪን የሚገድለው "ዙር በዙር ውስጥ" የሚባለው ነገር ይሄ ነው። ሀሁሂሃሄህሆ ብሎ ሲፈስ ስታዩ! አንዲት የሃምሳ ዓመት ነርስ "እንዴ፣ የኔታ ውስጡ አሉ እንዴ?" ብላ ስክሪኑን ነካችው።

ከዚያ አንዱ ሰባትን ስምንት ብሎ ይጽፋል። በሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ "ሏ" ትመጣለች፣ በአራተኛው "ሟ"። "ዲቃላዎቹ ከየት መጡ?" ይሉኛል። በአንድ የመሳሳት ስሕተት የሚባለውን፣ በሌላ አገር ትምህርት ክፍል ሙሉ ሰዓት የሚወስደውን፣ ራሳቸው አገኙት። ጎበዞቹ ደግሞ ቤቶቹን እየጨመሩ ይሄዳሉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ ሁሉም እንደ ገበታው። አሥረኛው "በ" መሆን ሲገባው "ቈ" ሆኖ፣ መካከሉ ጎዶሎ ሆኖ ይመጣል። "ገበታው ነው የተሳሳተው ወይስ ኮምፒዩተሩ?" ብለው ይከራከራሉ። የቁስቋም ደብር ተማሪ የነበረ አንድ ልጅ ደግሞ አቡጊዳን ልሥራ ብሎ ተነሣ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፤ ፊደሉም ድምፁም እኩል አንድ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፣ ሰባት ላይ ሲደርስ ድምፁ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ከሰባት የሚተርፈውን በማካፈል ማግኘትን ያልነገርኩት ልጅ በራሱ ደረሰበት። ፓይተን ስሞችን በኛ ፊደል መጻፍም ይፈቅዳል፤ "ክብደት = 12" ብትሉት ይቀበላል። አብዛኛውን ትምህርቱን በአማርኛ ተምሮ ለመጣ ልጅ ግማሹ ሸክም እዚያ ላይ ይወርዳል። በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ይሄዳል፣ አትጨነቁ።

ለመምህራኑ ሁለት ነገር። አንዱ፣ "ዛሬ ሁሉም ኦንላይን አለ፣ አስተማሪ ለምን?" ለሚለው ነው። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጥሩ ነገር ነው፤ ተማሪዎቼን አስመዝግቤያለሁም። ግን መመዝገብና መጨረስ ይለያያሉ፤ የጨረሱልኝ አጠገባቸው የሚጠይቁት ሰው የነበራቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ልጆች ያለ አስተማሪ ታብሌት ተሰጥቷቸው፣ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተው መገኘታቸው ብዙ ተወርቷል። እኔም ደስ ይለኛል። ታብሌት መክፈትና 110ን "መካከለኛ" ያለውን መስመር መርምሮ ማግኘት ግን አንድ አይደለም። ሁለተኛው፣ ቻትጂፒቲ ኮዱን ከጻፈው ምን እንማራለን የሚለው ነው። ይጻፈው። የኔንም ሦስት መስመር ማንም ሊጽፈው ይችል ነበር። ያቺ ነርስ "እንዴት መካከለኛ ይሆናል?" ስትል ወረቀቱን ተቀብሎ አንብቦ የሚመልስላት ሰው ነው የጎደለን። የአንደኛ ዓመት ልጆቻችን ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ምዕራፍ ይማራሉ፣ ይፈተናሉም፤ አንድ "ከሆነ" ጽፈው ሳያውቁ። ይሄ ቅደም ተከተል እንደኔ ፕሮግራም የተገለበጠ ነው የሚመስለኝ።

ያቺ ልጅ ምን ሆነች ብላችሁ እንዳታስቡ። ባለፈው ዓመት ስልኬ ወድቆ ስክሪኑ ተሰብሮ ፒያሳ ወዳለ ጥገና ቤት ገባሁ። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ዓይኗ ላይ ማጉያ አድርጋ፣ እሷ ነበረች። ሰላም ተባባልን። እሷ ስትፈታው እኔ ጎንበስ ብዬ ለማየት ስጠጋ ቀና ብላ "ዶክተር፣ እጅዎን ከመደርደሪያው ያንሡልኝ" አለችኝ። አነሣሁ። በአርባ ደቂቃ ጨረሰችው። ለኛ ልጆች የላፕቶፕ ጥገና እንድታሳያቸው ጠየቅኋት፤ በወር አንድ ቅዳሜ ትመጣለች። አሁን ላፕቶፖቻችን ሰባት ናቸው፤ ሦስቱን ያስነሣቻቸው እሷ ናት። አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ፓይተኑ ክፍል ገባ ብላ ከኋላ ስትቆም አይቻታለሁ፣ ምንም አላልኳትም።

እንግዲህ ከናንተ የምፈልገው ይሄ ነው። ከውጭ የመጣችሁ፣ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ቁምሣጥን ውስጥ ያረጀ ላፕቶፕ ካለ ላኩልን፤ እባካችሁ ቻርጀሩን አትርሱ፣ ያለ ቻርጀር የመጡ አምስት አሉን። እዚህ ከተማ ያላችሁ መምህራን ደግሞ በወር አንድ ከሰዓት ስጡን። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ስትወርዱ ማንንም ጠይቁ፤ "የኮምፒዩተሯ ዶክተር ቤት" ይሏችኋል። ቡና አለ። ስንደዶ አለ። ስትገቡ እጃችሁን ወደ ኋላ።